ከላስቲክ ጓንት የመጣው «ቅላት»

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሁለት ወር ቀርቶታል። ባለፈው ማድያቷን ለማጥፋት ከሱቅ የገዛችውን ክሬም አሳየችኝ። «በአሥር ቀን ጥርት አደረገኝ እኮ!» ጀርባውን ሳነብ «ሃይድሮኪኖን» ይላል። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ።

አሜሪካ ነው፣ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ። የላስቲክ ጓንት የሚያጠልቁ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ እጃቸው እየነጣ ሄደ። በ1939 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ምክንያቱን ይፋ አደረጉ፤ ላስቲኩ ቶሎ እንዳያረጅ የተጨመረበት የሃይድሮኪኖን የቅርብ ዘመድ ነበር።

የሥራ ላይ ጉዳት የነበረው ነገር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ውበት ተብሎ ተሸጠ። ሃይድሮኪኖን ያለባቸው ክሬሞች ደቡብ አፍሪካ ገቡ። መብት በቆዳ ቀለም በሚሰፈርበት የአፓርታይድ ዘመን ገበያው ቢደራ ምን ይገርማል?

በ1975 ግን የቆዳ ሐኪሞች ሌላ ጉድ ጻፉ። ለዓመታት የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ ለማከም እጅግ ያስቸግራል። ሊቀሉ ብለው ጠቆሩ! በሐኪሞችና በጥቁር ንቃት ንቅናቄ አራማጆች ግፊት አገሪቱ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያዎች ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረትም ቆይቶ ከቆዳ ማቅያዎች አስወጣው።

መድኃኒቱ ራሱ ሰይጣን አይደለም። ሐኪም መጠኑንና ጊዜውን ወስኖ፣ ከፀሐይ መከላከያ ጋር ለማድያት ያዘዋል። ጣጣው ያለ ሐኪም ለዓመታት ሲለቀለቁት ነው።

ይህን ሁሉ ነግሬያት «እባክሽ ሐኪም ጋ እንሂድ» አልኳት። «ከሠርጉ በኋላ» አለችኝ። እናንተስ ምን ትሏታላችሁ?