የውጭ ኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት ምን ያህል ይመዝናል?

በጂንካ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው ጋር ስጨዋወት ደጋግሞ የሚነሳብኝ ጥያቄ አለ። ‹‹አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚጻፈው ኤሴይ ያን ያህል ወሳኝ ነው ወይ? ከፍለንስ ብናስጽፍ?›› ለመጀመሪያው መልሴ ‹‹ወሳኝ ነው፤ ግን በመጨረሻው በር ላይ›› የሚል ነው። ለሁለተኛው ‹‹አይሆንም›› እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

አገር ቤት ድርሰት አይጠየቅም

እኛ ዘንድ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰነው በብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው መልስ የሚመረጥበት እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የጨመረውም ሌላ ፈተና ነው። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የቱርሚ ወይም የኦሞራቴ ልጅም ‹‹አንተ ማን ነህ?›› ተብሎ አይጠየቅም። ስለ ራሱ አንድ ገጽ ሳይጽፍ 12ኛ ክፍልን የሚጨርስ ብዙ ነው።

ሦስቱ በሮች

የመጀመሪያው በር ውጤት ነው። የአሜሪካ የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት ሦስት አራተኛ ያህሉ ኮሌጆች ለትምህርት ውጤት ከፍተኛ ክብደት እንደሚሰጡ ገልጸዋል። ለድርሰት ያንኑ ክብደት የሰጡት ከአምስት አንድ አይሞሉም።

ሁለተኛው በር ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት የውጭ አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይመርጣሉ፤ የጎደለውንም ይሸፍናሉ። አብዛኞቹ ኮሌጆች ግን አቅምን ያያሉ። ይህን በር ድርሰት ብቻውን አይከፍተውም።

ድርሰት ክብደት የሚያገኘው በሦስተኛው በር ነው። ውጤታቸው የተመጣጠነ ብዙ አመልካቾች ለጥቂት ወንበር ሲፎካከሩ፣ መርማሪው ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን በቅበላ መስፈርትነት ሲያግድ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን በድርሰቱ እንዲገልጽ በሩን ክፍት ትቷል። በተቃራኒው ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ለድርሰት ነጥብ መስጠት አቁሟል። ምክንያቱ በአማካሪና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ ጽሑፎች መብዛታቸው ነበር። ድርሰቱን ማንበቡን ግን አልተወም።

ፖስት ካርድ አትሸጡ

የደቡብ ኦሞ ልጆች ረቂቅ ሲያሳዩኝ የማየው ችግር ተመሳሳይ ነው። የሐመርን የከብት ዝላይና የሙርሲን የከንፈር ሸክላ ቱሪስት በሚተርክበት አፍ ይተርካሉ። ጸሐፊው ራሱ ግን የለበትም። መርማሪው የሚፈልገው የብሔረሰብ መግለጫ ሳይሆን አንድ ወጣት የሚያስብበትን መንገድ ነው። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ያፈናቀለበት የዳሰነች ልጅ ያን ጊዜ ምን ወሰነ? ቅዳሜ ገበያ የእናቷን ሒሳብ የምትይዝ የጂንካ ልጅ ስለ ዋጋ ምን ተገነዘበች? ከራሷ በቀር ይህን የሚጽፍላት የለም።

ለዚህም ነው በሬ ሸጦ ለጸሐፊ መክፈልን የምቃወመው። ‹‹ኮመን አፕ›› በተባለው የጋራ ማመልከቻ አመልካቹ ጽሑፉ የራሱ መሆኑን በፊርማ ያረጋግጣል። ሐሰት መሆኑ ከተደረሰበት የተገኘው ዕድል ሊሰረዝ ይችላል።

ለአመልካቾች

ዋናው ድርሰት ከ250 እስከ 650 ቃላት ነው። የብዙ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ በታኅሣሥ 23 (ጃንዋሪ 1) አካባቢ ስለሚዘጋ ክረምቱን ተጠቀሙበት። መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ፣ በአሪኛም ሆነ በአማርኛ፣ ታሪኩን ለሰው ተናገሩት፤ ከዚያ ራሳችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉት። መምህራችሁ ሰዋስው ያርም፤ ሐሳቡን ግን አይንካ። ከሁሉ በላይ ብሔራዊ ፈተናውን ችላ አትበሉ። ለአብዛኛው የጂንካ ተማሪ ዛሬም ሰፊው በር እሱ ነው።