የጽሕፈት ቤት መረብ ጥንተ ነገር

ዛሬ አንድ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮቹን በመረብ ለማገናኘት ባሰበ ጊዜ፣ ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲለካ፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትንም ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ሲመርጥ የሚመለከት ሰው፣ ይህ ሥርዓት ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን ገመዱ በዚህ መልክ እንዲዘረጋ እስኪወሰን ድረስ ከ15 ዓመት የበለጠ ፈተና አልፏል፤ የነገሩም ሁሉ መነሻ አንድ የማተሚያ መኪና ነው።

በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ፣ የዜሮክስ ኩባንያ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል፣ በየሠራተኛው ጠረጴዛ የሚቀመጥ አልቶ የተባለ ኮምፒዩተር በሚሠራበት ወራት፣ በሌዘር ብርሃን የሚያትም መኪና ደግሞ በዚያው ይሰናዳ ነበር። መኪናው እጅግ ውድ ስለ ነበረ ለእያንዳንዱ ሰው ማደል የማይታሰብ ሆነና፣ ሁሉም በኅብረት የሚገለገሉበትን መንገድ የመፈለጉ ሥራ ለወጣቱ ለሮበርት ሜትካፍ ደረሰው። እርሱም ኖርማን ኤብራምሰን በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ስላቆመው የሬዲዮ መረብ የተጻፈውን አንብቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ በጀመረው በዚያ መረብ፣ በደሴቶች የተበተኑ ጣቢያዎች ባሻቸው ጊዜ መልእክት ይልካሉ፤ ሁለት መልእክቶች ተጋጭተው ቢበላሹ፣ መልስ ያጣው ላኪ በዕጣ እንደሚወጣ ያህል ጊዜ ቆይቶ ይደግማል። ዘዴው በቀላልነቱ ድንቅ ቢሆንም፣ ከመንገዱ አቅም ቢበዛ ከመቶ 18 እጅ ያህል ብቻ ስለሚያሠራ ብዙው ኃይል በከንቱ ይቀር ነበር።

ሜትካፍ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨመረ፤ ላኪው ከመናገሩ በፊት ገመዱን ያድምጥ፣ ከሌላው ጋር የተጋጨ እንደ ሆነም ወዲያው ዝም ይበል። በሽማግሌዎች ሸንጎ ሁለት ሰዎች በአንድነት ቃል ቢጀምሩ ሁለቱም አቋርጠው ኋላ አንዱ እንደሚቀጥል ያለ ትሕትና ነው። ሜይ 22 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. በጻፈው ማስታወሻ መረቡን የሰየመው፣ የቀድሞ ዘመን የፊዚክስ ጠቢባን ብርሃንን የሚሸከም ረቂቅ ባሕርይ ነው ይሉት በነበረው በኤተር ስም ነው፤ ኤተርኔት የሚለው ቃል ከዚህ መጣ። ከባልደረባው ከዴቪድ ቦግስ ጋር የሠሩትም የመጀመሪያው መረብ በአንድ ሴኮንድ 2.94 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፍ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ተፎካካሪ መረብ ግን፣ በማሕሌት የቀኙ ወገን ሲያዜም የግራው ተራውን እንደሚጠብቅ፣ የመናገሪያ ምልክት የደረሰው ብቻ እንዲናገር ያዝዝ ነበር። ለእኔ በሥርዓቱ ይህ ይበልጥ ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ለትንሽ መሥሪያ ቤት ከበደ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ዜሮክስ፣ ኢንቴልና ዲጂታል የተባሉት ኩባንያዎች በአንድነት ባወጡት ደንብ ፍጥነቱ ወደ 10 ሚሊዮን ቢት አደገ። ገመዱም ብዙውን ጊዜ ቢጫ፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ እስከ 500 ሜትር የሚዘረጋ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ የሚያያዝበትን ስፍራ የሚያሳይ ምልክት በየ2.5 ሜትሩ ተደርጎበት፣ ገመዱ ሳይቆረጥ በመርፌ እየተወጋ ይቀጠልበት ነበር። ቀጥሎ የመጣውና በዋጋው ርካሽነት ትንንሽ ቢሮዎች የተቀበሉት ቀጭን ገመድ፣ በ185 ሜትር ርዝመት 30 መሣሪያ እየያዘ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሻገር ነበር። ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ መሰብሰቡ ለወጪ በጀ፤ ለሥራ ግን ጠንቅ ሆነ። በሁለቱ ጫፎች የሚታሰረው መዝጊያ ቢወልቅ፣ ወይም አንድ ጸሐፊ ወንበሯን ስትስብ መጋጠሚያውን ብታላቅቀው፣ ምልክቱ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ ከዚያ ገመድ ላይ ያለውን ሁሉ ያውክ ነበር፤ ባለሙያውም ጥፋቱን ለማግኘት ከጠረጴዛ ሥር ጠረጴዛ ሥር በጉልበቱ እየዳኸ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መፈተን ነበረበት።

መድኃኒቱ የተገኘው ሁሉ ከሚያውቀው ከቴሌፎን ነው። የቢሮ ቴሌፎኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የተጠማዘዘ ሽቦ አላቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይገባል፤ የአንዱ መበጠስም ሌላውን አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው ደንብ ለኮምፒዩተሩም ይህንኑ ፈቀደ፤ ከመሰብሰቢያው ሀብ እስከ መሣሪያው 100 ሜትር ብቻ እንዲሆንም ወሰነ። በሀቡ ስፍራ፣ መልእክቱን ለተላከለት መሣሪያ ብቻ የሚያደርስ ስዊች የተባለ መሣሪያ ሲተካና ለመላክና ለመቀበል የተለያየ መንገድ ሲሰጥ ደግሞ፣ መልእክት ከመልእክት መጋጨቱ ራሱ ቀረ። የሜትካፍን ስም ያስጠራው የግጭት ሕግ እንዲህ ሥራ ሲፈታ፣ ማንም ያላመሰገነው የቴሌፎን ሠራተኞች የሽቦ አዘረጋግ ግን ጸንቶ ኖረ፤ ይህን ሳያነሡ የመረብን ታሪክ መጻፍ በደል ይመስለኛል።

ዛሬም መረብ የሚያቅድ ሰው ከመቶው ሜትር 90ውን ለግድግዳው ገመድ፣ 10ሩን በሁለቱ ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ይመድባል፤ ልኬቱንም በወለል ሳይሆን ገመዱ ወደ ኮርኒስ ወጥቶ እንደገና ወደ ጠረጴዛው በሚወርድበት መንገድ ይወስዳል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቍጥር ይጽፍበታል።