ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉ ሴቶች

በእጃችን ሠርተን የምናድር ሴቶች ይህን ታሪክ ብናውቀው ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ ከተማ ባለ ፋብሪካ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የሬዲየም ቀለም የሰዓት ቁጥሮችን ይቀቡ ነበር። የሚከፈላቸው በቀቡት የሰዓት ገጽ ብዛት ነበር። ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተማሩ፤ ቀለሙ አይጎዳም ተባሉ። የፋብሪካው ኬሚስቶች ግን በእርሳስ ማዕድን መከለያ ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

ሬዲየም ካልሲየምን ስለሚመስል አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። የብዙዎቹ ጥርስ ረገፈ፣ መንጋጋቸው በሰበሰ፤ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ የአጥንት ካንሰር ያዛቸው።

ግሬስ ፍራየር ጠበቃ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀባት። በ1927 ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ስትከስ ኩባንያው የሁለት ዓመቱ የክስ ጊዜ አልፏል ብሎ ተከራከረ። በ1928 በስምምነት ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱ 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ እንዲከፈል ሆነ። ፍራየር በ1933 አረፈች።

በሂሳብ መዝገባችን ደመወዝ በወሩ ይገባል፤ ዘግይቶ የሚመጣ በሽታ ግን መዝጋቢ የለውም። ስለዚህ በጽዳት፣ በአበባ እርሻም ሆነ በፀጉር ቤት የምንሠራ ሁሉ የምንነካውን ኬሚካል ስም፣ ሥራ የጀመርንበትን ቀንና የሚሰማንን ሕመም በደብተር እንያዝ። ማስረጃው በእጃችን ይኑር።