ክላውድ በማሪዮ ሰፈር

«ፋይናል ፋንታሲ» የተሰኘው ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደገው በኒንቴንዶ መሣሪያዎች ነው። ሰባተኛው ክፍል ግን በ1997 በሶኒ ፕሌይስቴሽን ወጣ፤ ሦስት ሲዲ የሞላውን ታሪክ የኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ አይችለውምና የጨዋታው ሠሪ ስኩዌር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ተፎካካሪው ሄደ።

ስለዚህ በ2015 መጨረሻ የሰባተኛው ክፍል ጀግና፣ ባለ ግዙፍ ሰይፉ ክላውድ፣ በኒንቴንዶ የፍልሚያ ጨዋታ «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» ውስጥ ከማሪዮ ጋር ሲፋለም መታየቱ ብዙዎችን አስደነቀ።

ተራ ጠብቆ የሚመታን ጀግና በፋታ የለሽ ፍልሚያ ማሰለፍ ቀላል አይደለም። ዘዴው የ«ሊሚት» መለኪያ ሆነ፦ በቀድሞው ጨዋታ እንደነበረው ጉዳት ሲደርስበት ይሞላል፣ ሲሞላም ምቱ ይበረታል። ከተማው ሚድጋርም በመድረክነት ተከተለው፤ እዚያ ኦዲን የተባለው ፍጡር ከተጠራ መድረኩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ሙዚቃው ላይ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ተሰስቷል፤ ሁለት ዜማ ብቻ! ሌሎቹ የመጡት በ2020 ባላንጣው ሴፊሮት ሲገባ ነው።