ከደመወዝ ቀን በፊት የሚሰጥ ብድር ታሪክ



በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የወሩ መጨረሻ ሩቅ፣ የቤቱ ችግር ግን ቅርብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጅ ይታመማል፤ የቤት ኪራይ ይደርሳል፤ ከዘመድ ቤት የለቅሶ መርዶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ቀን ጠብቆ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴ በየአገሩ ኖሯል። የዛሬው ንግግራችን ይህ ንግድ በአሜሪካ አገር እንዴት እንደ ተነሣና ሕግ እንዴት እንደ ተከላከለው የሚያስረዳ ነው። የአሜሪካውን ዘመን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ፣ በቺካጎና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች የባቡር ሠራተኞችና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ቊጥር እየበዛ ሄደ። ባንኮች ለእነዚህ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ ለማበደር ፈቃደኞች አልነበሩም። በሕግ የተፈቀደውም ወለድ ዝቅተኛ ስለ ነበረ፣ በዚያ ወለድ 20 ወይም 30 ዶላር ማበደር ወጪውን እንኳ አይሸፍንም ነበር። ይህን ያዩ አራጣ አበዳሪዎች ከሕጉ የሚያመልጡበትን ብልሃት ፈጠሩ። ይኸውም፣ «እኛ የሠራተኛውን መጪ ደመወዝ እንገዛለን እንጂ አናበድርም» ማለት ነው። ዛሬ 5 ዶላር የወሰደ ሰው በደመወዝ ቀን 6 ዶላር ይከፍላል። ጭማሪው 1 ዶላር ብቻ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብድሩ የአንድ ወር ከሆነ በዓመት ሲሰላ ወለዱ ከመቶ 240 ይሆናል። ብድሩን ሽያጭ ብሎ መሰየም የዕዳውን ክብደት አላቀለለውም።

ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር የአበዳሪው መሣሪያ ኀፍረት ነበረ። አንዳንዶቹ አበዳሪዎች ሴት ሠራተኞችን ወደ ባለዕዳው መሥሪያ ቤት እየላኩ፣ በአለቃውና በባልደረቦቹ ፊት በታላቅ ድምፅ ያሰድቡት ነበር። ባለዕዳ ሆኖ የተገኘውን ሠራተኛ የሚያሰናብቱ አሠሪዎችም ስለ ነበሩ፣ ተበዳሪው ምስጢሩ እንዳይገለጥ ሲል አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ እየከፈለ ይኖር ነበር።

በ1907 ዓ.ም. የተቋቋመው የረስል ሴጅ ድርጅት ነገሩን አስመረመረ። ክልከላ ብቻውን ችግረኛውን በስውር ወደሚሠራው አበዳሪ እንደሚገፋው ስለ ተረዳ፣ በ1916 ዓ.ም. ለግዛቶች ሁሉ አብነት የሚሆን የአነስተኛ ብድር ሕግ አስረቀቀ። ሕጉ ፈቃድ ያወጣ አበዳሪ እስከ 300 ዶላር እንዲያበድር፣ በወር ከመቶ ሦስት ተኩል የማይበልጥ ወለድ እንዲወስድ፣ በልዩ ልዩ ስም ሌላ ክፍያ እንዳይጨምር የሚያዝ ነበር። ሠራተኞች ራሳቸው ቆጥበው የሚበዳደሩበትን ማኅበር ደግሞ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1909 ዓ.ም. በሕግ ፈቀደ፤ በ1934 ዓ.ም. ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ሕግ ወጣለት።

ሆኖም በ1990ዎቹ ዓመታት አሮጌው ንግድ ስሙን ለውጦ ተስፋፋ። ተበዳሪው ለደመወዙ ቀን የተጻፈ ቼክ በመያዣነት ሰጥቶ 100 ዶላር ይወስዳል፤ ለ2 ሳምንት 15 ዶላር ይከፍላል፤ ይህም በዓመት ከመቶ 390 ያህል ነው። የመንግሥቱ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ100 ብድሮች ከ80 የሚበልጡት በ14 ቀን ውስጥ የሚራዘሙ ወይም በሌላ ብድር የሚተኩ ሆነው ተገኙ። የጆርጂያ ግዛት በ2004 ዓ.ም. ይህን ንግድ ከለከለ፤ የአገሩም ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ለወታደሮችና ለቤተ ሰቦቻቸው የሚሰጠው ብድር በዓመት ከመቶ 36 እንዳይበልጥ ወሰነ።

በአገራችንም ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል። በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ደነገገ።

እንግዲህ ሕግ ያለ ተበዳሪው ንቃት ብቻውን አይበቃም። ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ በጠቅላላው የምከፍለው ስንት ነው? በዓመት ሲሰላ ወለዱ ከመቶ ስንት ይሆናል? በቀኑ ባልከፍል ምን ይጨመርብኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የማይሰጥ አበዳሪ ትርፉን የሚጠብቀው ከተበዳሪው አለማወቅ ነው። ከባልደረቦች ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚያስቀምጥ ሰው ግን በችግሩ ቀን የሚበደረው ከራሱ ማኅበር ነውና፣ ደመወዙም ክብሩም በእጁ ይቈያሉ።