የትም የማያደርስ ደረጃ

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ የትም የማያደርስ አንድ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና ባዶ አየር ላይ ያበቃል። ያሠሩት ፋሽስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሚቆጠር አንድ የፋሽስት ዓመት ነው። በመጨረሻው እርከን ላይ ግን አንድ የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል። ይህን የይሁዳ አንበሳ ከነጻነት በኋላ እዚያ ያወጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ስለ ጦርነት ሐውልቶች «ይፍረስ»፣ «አይፍረስ» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር አሳቤ ወደዚህ ደረጃ ይመለሳል። ይህ ደረጃ ይፈርስ ዘንድ ከማንኛውም ሐውልት የበለጠ ምክንያት ነበረውና። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። በተከተሉት ሦስት ቀናት በሺሕ የሚቆጠር የአዲስ አበባ ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አልቋል። ወራሪው ራሱም ለእኛ ሐውልቶች አልራራም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ነቅሎ ቀበረ፤ የባቡር ጣቢያውን የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮማ አጋዘ፤ የአክሱምንም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወሰደ። የአክሱሙ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቦታው ዳግመኛ ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። እንዲህ የተደረገበት ሕዝብ ያን ደረጃ በዶማ ቢንደው ማን ይፈርድበት ነበር?

ሆኖም አልናደውም። አንበሳ አስቀመጠበት።

የዚህን ሥራ ብልሃት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ደረጃው ብቻውን ቢቀር ኖሮ የወራሪ ፉከራ ሆኖ ይኖር ነበር። አንበሳው ብቻውን ቢቆም ደግሞ በከተማችን ከሞሉት አንበሶች አንዱ ከመሆን አያልፍም ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፉከራውና መልሱ በአንድ ድንጋይ ላይ ይነበባሉ። ታሪኩን ከማንም ያልሰማ ሕፃን እንኳ፣ አንድ ሰው ያን ሁሉ እርከን የሠራው ለሌላ ሊያስረክብ እንደ ነበር ይገባዋል። ቢፈርስ ኖሮ ቁጣችን ለአንድ ቀን በበረደ ነበር፤ ማስረጃው ግን ለዘለዓለም በጠፋ ነበር።

ታዲያ ሐውልት ሁሉ ይቆይ ማለቴ ነውን? አይደለም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከሮማ በማይርቅ አፊሌ በሚባል ትንሽ ከተማ ለዚያው ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። በፊቱ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነበር፤ በወራት ውስጥ ተፈትቶ በ1955 እ.ኤ.አ. ሞተ። በኢትዮጵያ ስላደረገው ግን አንድም ቀን ችሎት አልቆመም። ከንቲባው ይህን በማሠራቱ በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያው ፍርድ ቤት የ8 ወር እስራት ተፈርዶበት ነበር። እንግዲህ የአፊሌው ሕንፃ የዘመኑ ምስክር አይደለም። ሰውዬው ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ነገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የተሠራ ውዳሴ ነው። የስድስት ኪሎው ደረጃ በደልን ያስረዳል፤ የአፊሌው ይደግመዋል። እንዲህ ያለውን «ታሪክ ነውና አትንኩት» ማለት አይቻልም፤ ታሪክ አይደለምና።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ደርግ በሰሜን ኮሪያውያን እርዳታ አሠርቶ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያስመረቀው ነው፤ ያውም አገር በረሃብ በምታልቅበት ወቅት። ቁመቱ 50 ሜትር ነው፤ በአናቱም ቀዩ ኮከብ አለ። በግድግዳው ላይ መሪው ሕዝቡን ሲመራ ተቀርጿል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ምስል የልጅ ገዳይ ምስል ነው። ዳሩ ግን ያው ሐውልት ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የሟቹ ወታደር እናት ሌላ መቃብር ላይኖራት ይችላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ሲወርድ ትግላችን የተረፈው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሌኒን የማንም ቤት ሟች ስላልነበረ ነው። ገዢውን ለመቅጣት ሐውልቱን ብናፈርስ የምንቀጣው ወታደሩን ይሆን ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የምኒልክና የአኖሌ ነገር ነው። ፒያሳ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ንጉሥ ለብዙዎቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ ነው። በአርሲ ያለ ወገኔ ግን ያንኑ ፈረስ ሲያይ የ1870ዎቹን ዘመቻ ያስታውሳል። በ2006 ዓ.ም. በሔጦሳ የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። አንዱ «የአባቶቻችን ምስክርነት ነው» ሲል ሌላው «የጥላቻ ዘር ነው» ይላል። የዚህኛው ይፍረስ የሚሉ አሉ፤ የዚያኛውም ይፍረስ የሚሉ አሉ። ሁለቱ ሐውልቶች በአንድ አገር ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ቆመዋል።

እዚህ ላይ የስድስት ኪሎው ብልሃት እንዳለ አይሠራልንም። ያን ደረጃ የሠራው ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ገብቷል፤ በአናቱ ላይ አንበሳ ስናስቀምጥ የምናስቀይመው ጎረቤት አልነበረንም። በፒያሳና በሔጦሳ መካከል ግን የሄደ የለም። ባለፈረሱን የሚወድደውና በፈረሱ የሚቆስለው አንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ አንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ልጆቻቸውም ይጋባሉ።

ነገር ግን የአንበሳው ትምህርት ሙሉ በሙሉ አይወድቅም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። አንበሳውን ያስቀመጠው የተወጋው ነው፤ ያስቀመጠውም በራሱ ሜዳ ለብቻው ሳይሆን በዚያው በወጋው ድንጋይ ላይ ነው። እኛ ያጣነው ይህን ነው። የእኛ ፉከራና መልስ በሁለት ቦታ ተተክለው በሁለት ሕዝብ ለየብቻ ይነበባሉ።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ማንም አንዳቸውንም አያፍርስ። በምኒልክ ፈረስ እግር ሥር፣ ከዓድዋ ድል ቀጥሎ፣ በአርሲ ዘመቻ ያለቁ ሰዎችም እንደ ነበሩ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ። በአኖሌም እጅ ሥር፣ ከአርሲ ሰቆቃ ቀጥሎ፣ ለዚህች አገር ነጻነት በዓድዋ የዘመተው የኦሮሞ ፈረሰኛ ይጻፍ። የፒያሳውን ቃል የአርሲ ሽማግሌዎች ይምረጡት፤ የአኖሌውንም የዓድዋ ዘማች ልጆች ይምረጡት። ሥልጣን ላይ ያለ ሹም ግን አይምረጠው፤ ሹም ያልፋል፤ መዶሻውንም ለተከታዩ አውርሶ ይሄዳል።

ይህን ሁለቱም ወገን እንደማይወድደው አውቃለሁ። አንዱ ንጉሤን አጎደፋችሁ ይለኛል፤ ሌላው ቁስሌን አቀለላችሁ ይለኛል። ይሁን። ሁለቱም ተቆጥተው ድንጋዩ ፊት ቢቆሙ፣ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነብ ይሆናል።