የመንግሥት መረጃ ጥያቄ አቀራረብና አሰጣጥ

ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት እጅ የሚገኝ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ዕውቅና የተሰጠው ሲሆን፣ ዝርዝር አፈጻጸሙ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል።

አቀራረብ፦ ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል። የሰነዱ ዓይነት፣ ጉዳዩና ዘመኑ በግልጽ ሲጠቀስ ፍለጋው ይፋጠናል። መጻፍ የማይችል አመልካች ጥያቄውን በቃል ሊያቀርብ ይችላል።

ውሳኔ፦ ኃላፊው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይኖርበታል።

ገደብ፦ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ እንዲሁም የአገር መከላከያንና ደኅንነትን የሚመለከት መረጃ ሊከለከል ይችላል። ክልከላው የሚመለከተው የሰነዱን ከፊል ብቻ ከሆነ ቀሪው ተለይቶ ይሰጣል።

ቅሬታ፦ ጥያቄው ውድቅ ሲደረግ ምክንያቱ ለአመልካቹ በጽሑፍ ይገለጻል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ አመልካች በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። ቀነ ገደቡ ማለፉን ለማስረዳት እንዲቻል፣ ጥያቄው ገቢ የተደረገበት ቀን የሰፈረበትን የማመልከቻ ቅጂ መያዝ ይጠቅማል።